በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ስለ መቆም

ውድ ርሆቦት፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ፈቀደ ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም። አድርሶ እንዲመለስ ብቻ ነው የነገርኩት። ስልክ ያልደወልኩት በስልክ ሳወራ ድምፄ ከፍ ስለሚል ነው፤ አንቺም ሲጮኹብሽ ትዘጊያለሽ። ጽሑፍ ግን ብትናደጂም አስቀምጠሽ መልሰሽ ማንሳት ትችያለሽ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ቤቴል የምታሠለጥኛቸውን ልጆች ይዘሽ ኮልፌ ልትመጪና ከእኔ ልጆች ጋር ቤዝቦል ልታጫውቺ እንደምትፈልጊ፣ ቅድመ ሁኔታሽም አንድ ብቻ እንደሆነ ፈቀደ ነግሮኛል፤ መቺው ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሲሮጥ ረግጦት ማለፍ ይፈቀድለት ብለሻል። እኔም «በሜዳዬ ላይ ሕጉ የእኔ ነው» ብዬ መለስኩት። ያን መልስ ዛሬ አንስቻለሁ። ጨዋታው አንቺ ባልሽው ሕግ ይሁን።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። አንቺም ደስ ብሎሽ ትመጪ ነበር። ነገር ግን ስለ ተጎዳው ጉልበትሽ የማታውቂው ነገር አለ፤ እሱን ሳታውቂ ልጆችሽን አሰልፈሽ ሜዳዬ ላይ እንድትቆሚ አልፈልግም።

ይህን ጨዋታ ከማን እንደተማርኩ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ፤ «ከመጽሐፍ» ብዬሽ ነበር። እውነት ነው። አናጺ ሆኜ ስሠራ የአንድ ትምህርት ቤት ዴስኮች ልጠግን ሄጄ፣ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደውን ጆንያ አገኘሁ። ዘጠኝ የቆዳ ጓንት፣ ሁለት የእንጨት ዱላ፣ ጥቂት ኳሶችና አንድ የእንግሊዝኛ የሕግ መጽሐፍ ነበረበት። ዳይሬክተሩ «ይውሰዱት፣ ቦታ ነው የያዘብን» አለኝ። የወሰድኩት ለዱላዎቹ ብዬ ነው። እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ እንጨት እጄ ገብቶ አያውቅም ነበር። መጽሐፉን ማንበብ የጀመርኩት እንጨቱ ለምን እንደዚያ ተጠርቦ እንደቀጠነ ለማወቅ ነው።

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ነው ያነበብኩት፤ በሳምንት አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ። መጽሐፉ ሳያልቅ ልጆች ሰበሰብኩ። አራት የጆንያ ቁራጭ በአሸዋ ሞልቼ ማረፊያ ብዬ ሰየምኳቸው። ሕጉንም ለመጀመሪያዎቹ ልጆች እንዲህ ብዬ አስተማርኩ፤ መቺ ኳሱን መትቶ ይሮጣል፤ ማረፊያውን ረግጦ የቆመ ድኗል፤ አልፎት ሄዶ ኳስ በያዘ እጅ የተነካ ተቃጥሏል። ለአራቱም ማረፊያዎች አንድ ሕግ። አንቺም የተማርሽው ይህንኑ ነው።

ጉልበትሽ ከመጎዳቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ወደ ኋላ ካሉት ገጾች አንዱ ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያው ማረፊያ ከሌሎቹ ይለያል ይላል። መቺው በሙሉ ፍጥነቱ ረግጦት ማለፍ ይችላል፤ ወዲያው ከተመለሰ አይቃጠልም። መዝገበ ቃላቱን ሦስት ጊዜ ገለጥኩ። ያነበብኩት በትክክል ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበር።

መጽሐፉን ዘግቼ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰበብ አድርገሽ አትቁጠሪው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ «ሽማግሌው ራሱ የፈጠረው ጨዋታ ነው» ይባል ነበር። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እግር ኳስ ወስደውብኛል። ሕጉን ብለውጥ «ይኸው፣ እየፈጠረው እኮ ነው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ለልጆቹ በየቀኑ «ሕግ አይለወጥም» እላቸው ነበር። አንድ ማረፊያ ላይ መቆም ማንን ይጎዳል ብዬ ተውኩት።

አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ከሁሉም ፈጣን አንቺ ነበርሽ፤ ስለዚህ ለመቆም ከሁሉም የምትቸገሪውም አንቺ ነበርሽ። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም። ጆንያው ላይ ለመቆም እግርሽን ስትተክይ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከአሥር እርምጃ ርቀት አየሁት። አንቺ አላለቀስሽም፤ የጠየቅሽው «ድኛለሁ?» ብለሽ ነው። «ድነሻል» አልኩሽ።

ለእናትሽ ለድንቅነሽ ምን እንዳልኳት አታውቂም። ወጌሻው ዘንድ ቁጭ ብለሽ ሳለ ወደ ውጭ ጠራኋትና «ዘግይታ ነው የቆመችው፤ አርባ ጊዜ ነግሬያታለሁ» አልኳት። እሷም «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ልጅ አይሰማ» አለች። ገብታም ተቆጣችሽ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

አሁንም በብርድ ጊዜ ያን እግርሽን እንደምትጎትቺ አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የውጭ አገር ተጫዋቾች ቪዲዮ ያለበትን ስልክሽን ይዘሽ ሜዳ መጣሽ። «ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝማ። አይቆሙም እኮ። መጀመሪያው ማረፊያ ላይ አንድም የሚቆም የለም» አልሽ። «ስልክ ሜዳ ውስጥ አይገባም» አልኩሽ። «አንዴ ብቻ ይዩት» አልሽ። ዓይኔን አዞርኩ። ያን ጊዜ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ችግር የለውም ጋሼ፤ አላወቁም ነበር፤ ማንም ይሳሳታል» አልሽኝ።

ያስቆጣኝ እሱ ነው። የሰጠሽኝ ይቅርታ ለማያውቅ ሰው የሚሰጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማውቅ ነበርኩ። ስለዚህ በልጆቹ ፊት «ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርሽ» አልኩሽ። ሄድሽ። በሦስተኛው ወር ቤቴል ልጆች ሰብስበሻል ተባለ።

ባለፈው ሐሙስ ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ቤቴል መጥቼ ነበር። አላየሽኝም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ ሳይ ዘበኛው መጣ።

«አባባ፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?»

«አይደለም። እያየሁ ነው።»

«ይኼን የዱላ ጨዋታ? ቲቸሯ ጎበዝ ናት። ግን ቅዳሜ የለ፣ ሐሙስ የለ፤ ምን እንደምታገኝበት እንጃላት» አለኝ።

ወደ ሜዳው ዞርኩ። ልጆችሽ በሰልፍ ላይ ያወራሉ፤ አንዱ የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶ እየጎተተው ነበር። ይህን አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወድም። አንዲት ትንሽ ልጅ ስትቃጠል ግን አጠገቧ ቁጢጥ ብለሽ «ምን አየሽ?» ብለሽ ጠየቅሻት። ረጅም ነገር አወራችሽ። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድን ልጅ ምን አየህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያየሁትን እነግራቸው ነበር እንጂ።

ከዚያ እየመቱ መሮጥ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ማረፊያ እየረገጡ፣ ሳይቀዘቅዙ፣ እስከ አጥሩ ድረስ አለፉ። ሃያ ሰባት ጊዜ ሲያልፉ ቆጠርኩ። አንዱም አልወደቀም። እስኪመሽ አልጠበቅኩም፤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዘበኛው «ምን እንደምታገኝበት እንጃላት» ያለውን ሰዎች እኔንም ምን ታገኝበታለህ ብለው ጠይቀውኛል። ልጆቹ ከመጥፎ ቦታ እንዲርቁ ነው እላቸዋለሁ፤ ሥርዓት እንዲማሩ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ «ይህን ጥረብ፣ ያን ቁረጥ» የተባልኩ ሰው ነኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ግን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ። ሕፃናት ቀና ብለው «ጋሼ፣ ይኼ እንዴት ነው?» ሲሉኝ እመልስ ነበር። ለዚያ ነው ያሠለጠንኩት። ያን ላለማጣት ነው መጽሐፉን የዘጋሁት። አንቺ በምን ምክንያት እንደምታሠለጥኚ አላውቅም። ጉልበትሽን ያጣሽበትን ጨዋታ ይዘሽ ልጆች ዘንድ ስትሄጂ ግን የእኔ ዓይነት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ትናንት ቅዳሜ ልጆቹን አስቀምጬ ነገርኳቸው። «ሕጉን አሳስቼ አስተምሬያችኋለሁ። ካወቅኩም አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል» አልኩ። ማን ልክ እንደነበረ ሲጠይቁኝ ስምሽን ተናገርኩ። ሩሃማ የምትባል ነገር የማይገዳት ልጅ አለች፤ እጇን አውጥታ «ታዲያ የተቃጠልኩት ሁሉ ይመለስልኛል?» አለችኝ። «አይመለስም» አልኳት። «እንዲያማ ከሆነ» አለችና እጇን አወረደች። ዕዳዬን ያንን ያህል በአጭሩ የነገረኝ ሰው የለም።

ከዚያ እንዲሮጡ አደረግኩ። ረግጣችሁ እለፉ አልኳቸው። እሺ ጋሼ አሉ። አንዱም አላለፈም። ማረፊያው ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቀዝቀዝ አሉ፤ እግራቸው ራሱ ቆመ። ደጋግሜ አስጀመርኳቸው፤ ጮህኩ፤ ስጮህባቸው ደግሞ ይብሱን ይቆማሉ። ያስተማርኳቸው እስከ አጥንታቸው ገብቷል፤ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር ሳልደብቅ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእናትሽ ያልኳትን ውሸት ራሴ ልነግራት እፈልጋለሁ። በየትኛው ቀን ብመጣ ታስገባኝ እንደሆነ በፈቀደ ላኪብኝ። ባታስገባኝም በር ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። ሁለተኛ፣ ከጨዋታው በፊት መጥተሽ ልጆቼን ማለፍ አስተምሪልኝ። ይህን ሁሉ አንብበሽ አልመጣም ብትዪ ትክክል ነሽ፤ ልመና አልልክብሽም። ጨዋታውንም ብትተዪው ለልጆቹ ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹ ይሰለፋሉ። የሚያስጀምራቸውን ሰው ቦታ ባዶ አደርገዋለሁ። እኔ ከሰልፉ ኋላ፣ ከትንንሾቹ ጋር እቆማለሁ። የምታዢውንም እሰማለሁ።

እያወቀ ያቆመሽ፣
ወልደሰንበት
ኮልፌ