ያልወረደው ክንድ

ጎንደር፣ እሑድ ኅዳር 13 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ሳልወዳደር ተመረጥኩ።

በነቀርሳ ምክንያት ጡቴን ካስቆረጥኩ ወዲህ ግራ ክንዴ ያብጣል። ጠዋትም የቀሚሴ እጅጌ አልገባ ስላለኝ ስፌቱን ተርትሬ ነው ወደ ቀበሌ ስብሰባ የሄድኩት። ሐኪሙ “ሲከብድሽ ከልብሽ ከፍ አድርገሽ ያዥው” ብሎኛል። ቤት ትራስ አለ፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ትራስ ከየት ይምጣ?

መፈክር ሲጀመር ሁላችንም ግራ እጃችንን ጨብጠን አነሳን። ወዲያው ቀለል አለኝ። ሌላው ሰው ሲያወርድ እኔ ክርኔን ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ አስደግፌ እንዳነሳሁት ቀረሁ። ሊቀ መንበሩ ስለ ጽዳት ዘመቻ ሲናገር ሸለብ አድርጎኛል። ለሴቶች ማኅበር ጸሐፊነት ማን ፈቃደኛ እንደሆነ ሲጠይቅም አልሰማሁም። የተነሳ እጅ ግን የኔ ብቻ ነበር።

“ጓዲት ከበቡሽን እዩ፤ ከመፈክሩ ጀምሮ እጇን አላወረደችም” አለ። ተጨበጨበልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ላቀች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በሳቅ ይንቀጠቀጣሉ።

ስንመለስ “ምነው ልጄ፣ አታወርጅውም ነበር?” አሉኝ።

“እብጠቱ ገና መጉደል ሲጀምርልኝ እንዴት ላውርደው?”

እውነትም አሁን እጅጌው ሰፍቶኛል። ነገ ሄጄ ጉዳዩን ላስረዳ ይሆን? ባዩኝ ቁጥር “አይዞሽ” ማለት የለመዱት የሰፈሬ ሴቶች ግን ዛሬ “እንኳን ደስ አለሽ” አሉኝ፤ ቃሉ ጣመኝ። እንግዲህ ምን ይሻለኛል? ካወረድኩት ያብጣል፤ ካነሳሁት ያሾመኛል።