ከሰባቱ ሺህ አንድ ሰው እንዲላክልኝ

ለተከበሩ የጉባኤያችን የትምህርትና የጸጋ ስጦታ ምደባ ክፍል ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ሲያስተምሩን ደክሞት ለማያውቀው ጉሮሮዎም ዘላቂ ብርታትን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁኝ እንደ ሆነ፣ ማለትም ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ድኛለሁ።

እኔ የመዘምራኑን ልብስ አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁ፣ ከኋላ በስተግራ ምሰሶው አጠገብ የምቀመጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምሰሶውን ሳያስታውሱት አይቀሩም። ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የሦስት ወሩን ትምህርት መጨረሴ የሚታወቀው በመጪው እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ «ብቻዬን ነኝ ማለቴ የነቢዩ ኤልያስ ዓይነት ስህተት ነበር» ብዬ ስመሰክር መሆኑን፣ ካልመሰከርኩ ግን የምስክር ወረቀቱ እንደማይሰጠኝ ጸሐፊዎ ስለ ነገረችኝ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከትምህርቱ ያገኘሁትን ጥቅም በቅደም ተከተል ባቀርብ ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፤ የጸጋ ስጦታን በተመለከተ። ስድሳ ጥያቄ ያለበትን ቅጽ ባደሉን ጊዜ «የታመመ ሰው ሲያዩ ሆድዎ ይባባል?» ለሚለው «በጣም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ለሠላሳ አራት ሰው ትንቢት፣ ለሃያ ስድስት ሰው ማስተዳደር ደርሶ፣ ሕሙማንን የመጠየቅ ስጦታ ያለን ግን እኔና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወንድም ብቻ ሆነን ተገኘን፤ እሱም ወር ሳይሞላው ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄደ። ድሮ የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ያሳፍር ነበር። ዛሬ ሁሉም «የእኔ ስጦታ አይደለም» ብሎ በንጹሕ ሕሊና ቤቱ እንዲቀመጥ ስላስቻሉት እጅግ አመሰግናለሁ።

በሁለተኛው ወር ሳንባዬን ታምሜ አምስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋልኩ። ለጸሐፊዎ ደውዬ ብነግራት «አይዞሽ እህቴ፣ ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ» አለችኝ፤ ቃሏንም አላጠፈችም። በሦስተኛው ቀን መልሳ ደወለችና፣ ከወረቀት ላይ እያነበበች፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እህት በጠና መታመሟን ገልጻ፣ የስጦታው ባለቤት እንደ መሆኔ ሄጄ እንድጠይቃት በትሕትና አሳሰበችኝ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖረው እኔ ነኝ። ሳሉ ትንፋሽ ስላሳጠረኝ «እሺ» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ቀስ ብዬ ተነሥቼ አንሶላውን አስተካከልኩ፣ ወንበር ስቤ ከአልጋው ጎን ተቀመጥኩ፣ ባዶውን ትራስ እያየሁም «እንዴት ዋልሽ?» አልኩ። የጥየቃ ቅጹንም «ታማሚዋ ተጠይቃለች፤ ሰው በማየቷ ደስ ብሏታል» ብዬ ሞልቼ ላክሁ። በወቅቱ ሪፖርት በማቅረቤ ከክፍልዎ የተላከልኝ የምስጋና መልእክት እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ።

ሁለተኛ፤ ጠላትን በተመለከተ። «የጠላታችሁን ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱ፣ በየቀኑም ጸልዩለት» ባሉን ዕለት ሌላው ምእመን ወረቀት ይጨመርልኝ ሲል እኔ ብዕሬን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ለካ ጠላት ለማፍራትም ሰው ጋር መዋል ያስፈልጋል። ብዙ አስቤ ከእኔ በታች የሚኖረውን ጡረተኛ ሹፌር ጻፍኩት። የስፌት መኪናዬ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ስለሚደበድብ «ባለ መጥረጊያው» እለዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እኔ ከላይ እሱ ከታች፣ እንዲህ ስንነታረክ ኖረናል።

በታመምኩ በስድስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ባለ መጥረጊያው ነው። ፊቱን እንዳኮሳተረ «ምነው መኪናሽ ዝም አለ? ሞተሽ እንዳይሆን ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ዳቦና አንድ ጆግ ውሃ ራስጌዬ አስቀመጠ፣ እስክጎርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀ፣ ደህና ዋይ እንኳን ሳይል ወረደ። በማግስቱም መጣ፤ እስክድን ድረስ አንድም ቀን አልቀረም። እሱ የእርስዎን ቅጽ ሞልቶ አያውቅም፣ ምን ስጦታ እንደ ተሰጠውም አልተነገረውም። ስሙ ከሣጥንዎ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጓዙን ጠቅልሎ ሴት ልጁ ጋ ሊኖር ሄዷል። አሁን የፈለግሁትን ያህል ብሰፋ የሚቆጣኝ የለም። አንዳንዴ መኪናዬን አቁሜ ከታች ድምፅ ይሰማ እንደ ሆነ አዳምጣለሁ።

ሦስተኛ፤ የኤልያስን ስህተት በተመለከተ። ነቢዩ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ በማማረሩ መሳሳቱን፣ ሰባት ሺህ ታማኞች መኖራቸውን እንኳ አለማወቁን ግሩም አድርገው አስረዱን። ቀጥለውም፣ ከዳንኩ በኋላ ለጸሐፊዎ ያልኳትን ሰምተው ኖሮ፣ ወደ ምሰሶው እየተመለከቱ «በመካከላችንም ማንም አልጠየቀኝም የምትል እህት አለች» አሉ። ጉባኤው ባንድ ጊዜ ዞረ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ እኔን ያየው ያን ዕለት ነውና ውለታዎን አልረሳም።

ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን አነበብኩት። ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መጀመሪያ የተላከለት ትምህርት አልነበረም። መልአኩ ነካው፣ አበላው፣ አጠጣው፤ ተመልሶ ሲተኛም ዝም አለው፣ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ስለ ሰባቱ ሺህ የተነገረው ከብዙ ቀን በኋላ፣ በልቶ ጠጥቶ ከበረታ ወዲያ ነው። ሰባቱ ሺህ መኖራቸውን አልጠራጠርም፤ ክትክታው ሥር ግን አንዳቸውም አልነበሩም። እኔም ክቡርነትዎ፣ ብቻዬን ነኝ። ቀኑ አልመሽ ይለኛል። ሦስት ቀን ከሰው ጋር ሳላወራ እቆይና ዳቦ ልገዛ ስወርድ ድምፄ ይጎረንንብኛል።

ስለዚህ እሁድ ለመመስከር ፈቃደኛ ነኝ፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ እንዳልዋሽ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ከሰባቱ ሺህ አንዱን ብቻ ይላኩልኝ። ትንቢት የሚናገር መሆን የለበትም። የሱሪ እግር ሊያሳጥር ቢመጣም እንደ ጥየቃ እቆጥርለታለሁ። የበሩ ደወል ስለ ተበላሸ በእጁ ያንኳኳ። ከሁለቱ ወንበሮቼ አንዱ ላይ ብትን ጨርቅ ተከምሮበት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አንሥቼዋለሁ።

የትምህርትዎን ፍሬ በሙሉ ልቧ ያጣጣመች፣
የጉባኤው ልብስ ሰፊ፣ የሕሙማን ጠያቂ፣ እንዲሁም ታማሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ለክፍልዎ አስገብቼው ነበር። ብቸኝነትን የሚመለከት አቤቱታ ለየሰፈሩ ጠያቂ ይመራል ተብሎ ማክሰኞ ዕለት በክፍልዎ ማኅተም ታሽጎ ለእኔው ደረሰኝ። በጥሞና አነበብኩት፤ ሴትዮዋ አሳዘነችኝ፤ ሄጄም አየኋት። ወንበሩን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች፤ የምትጠብቀው ግን እኔን አይደለም።