በርኖሱን አትፈልገው

ምንተስኖት፣

ሽሮው ድስት ውስጥ አለ። ስትጨርስ ክዳኑን ግጠመው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክዳን መግጠም አቅቶህ ኖረሃል።

ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ሽማግሌ እንዳትልክ። ምን አጣላችሁ ሲሉህ የምትመልሰው የለህም።

ለፋሲካ የገዛኸውን በግ ቤት አታስገባው። ስም አውጥተህለት ይኸው ሁለት ፋሲካ አለፈው! እሱን ብርድ ይመታዋል ትላለህ፤ እኔ ሳስነጥስ ግን «የመንዝ አየር ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ትለኛለህ።

የአባትህን የሱፍ በርኖስ ደግሞ አትፈልገው። በጉ ለብሶታል።

ልክክ ብሎለታል።

ለእሁዱ ሰርግ እንዲያምርብህ ብዬ በፈላ ውሃ አጠብኩት። እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ፣ ሱፍ በፈላ ውሃ እንደሚኮማተር ማን ነገረኝ?

አንተ ነግረኸኛል። ሁለት ጊዜ። እያዛጋሁ ነበር።

ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። የኋላ ወንበር ላይ፣ በእኛ ቤት መንገድ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። እየሳቅህ ከመጣህ እወርዳለሁ። ተቆጥተህም ቢሆን ጋቢዬን ይዘህልኝ ና፤ አልጋው ላይ ነው።

ሆን ብዬ ነው የረሳሁት።

ጽናት