ደብሪቱ መርዶዋን ሳትሰማ ዳንቴሉ እንዳይገለጥ

ቀን፦ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወገን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ለተከበሩ አቶ ጋረደው
ገዳሪፍ

አመልካች፦ አየነው ካሣ፣ የማኅበሩ አባልና የአዳራሹ ቴሌቪዥን ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የፊታችን እሑድ ታኅሣሥ 1 ቀን ሊደረግ የታሰበው የአዲሱ ስክሪን ምረቃ እንዲዘገይልኝ፣ የመታሰቢያ ቪዲዮውም እስከዚያው ለማንም እንዳይታይ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ይህ ማመልከቻ በስብሰባ ላይ አይነበብ፣ በሰሌዳ አይለጠፍ፣ ፎቶ ተነሥቶም በስልክ አይላክ። አንብበው በኪስዎ ይያዙልኝ። ልጃችን ትግሉ ማረፉን እናቱ፣ ባለቤቴ ደብሪቱ፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

1. ትግሉ በሊቢያ በኩል ወደ ባሕሩ የሄደው ባለፈው ክረምት ነው። መሄዱን የነገረን ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ተዘግቷል። እናቱ ቻርጅ የሚያደርግበት አጥቶ ይሆናል እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ እኔም አብሬአት እንዲሁ እል ነበር። በዶካ መንገድ ማሽላ አጨዳ ላይ ሳለሁ ከጀልባው አደጋ የተረፈ ጓደኛው ደወለልኝና እርሜን አወጣሁ። የነገረኝን ሁሉ እዚህ ላይ መጻፍ አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽላው መካከል ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሲመሽም ፊቴን ታጥቤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

2. በእኛ ወግ እናት የልጇን ሞት ብቻዋን እንደማትሰማ እርስዎ ያውቃሉ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ተገኝተው፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገራት። የሚደግፋት ክንድ በግራም በቀኝም መኖር አለበት። ደም ብዛት ስላለባት ሐኪሙ ድንገተኛ ድንጋጤ እንዳያገኛት አጥብቆ አስጠንቅቆናል። ታላቅ ወንድሟ ተሻለ በኒው ሀልፋ የሸንኮራ ትራክተር ነጂ ነው፤ ፈቃድ ያገኘው ለእሑድ ነው። ታናሽ እኅቷም ከፋው ከተማ ተነሥታ የምትደርሰው በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ መርዶው የሚነገራት ሰኞ ታኅሣሥ 2 ቀን ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ከንስሐ አባታችን ጋር ተስማምተናል። ምረቃው ግን እሑድ ነው።

3. ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ መነሻው የእኔ ራስ ነው። መርዶውን በሰማሁ ሰሞን ዘመዶቼ ወዳሉበት ወደ ኡም ጋርጉር ሄድኩ። እዚያ ከቤተሰቤ ጋር አለቀስኩ፣ ፀጉሬንም እንደ ወጋችን ተላጨሁ። ልጁ ሞቶበት ጎፈሬውን አበጥሮ የሚሄድ አባት መሆን አልሆነልኝም። ስመለስ ለደብሪቱ ጭርት ይዞኝ ነው አልኳት። አመነችኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየማለዳው ቅባት አምጥታ ጭንቅላቴን ታሸኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ንጽሕናዬን እንዳልጠበቅሁ እየነገረች ትቆጣኛለች፤ እኔም እጇ ሥር አጎንብሼ እቀመጣለሁ። ይህ የሚከብደኝን ያህል የከበደኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

የወጣት ክፍሉ ልጆች ግን የተላጨ ራሴን አይተው ነገሩን ገምተዋል። ለቅሶው ኡም ጋርጉር ላይ ተቀምጦ አልቋል፣ እናቱም ሰምታለች ብለው ደመደሙ። ደብሪቱ እንደ ወትሮዋ ባለ ጥለት ነጠላዋን ለብሳ ስትስቅ ሲያዩ ጠንካራ ሴት ናት ተባባሉ። ኀዘኗን እንዳይቀሰቅሱባት ፈርተው አንዳቸውም አላጽናኗትም። ስለዚህ አልወቅሳቸውም። ለቅሶ ያለበትን ቤት ምልክት ማንበብ ያስተማርናቸው እኛው ነን።

4. አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር እመጣለሁ። እንደሚያውቁት ከዚህች ከተማ ወጥተው በመንገድ ለቀሩ ወጣቶች ልጆቹ የመታሰቢያ ቪዲዮ ሠርተዋል። ሻማ አለው፣ መዝሙር አለው፣ የየአንዳንዱ ፎቶ ከነስሙ ይታያል። የመጀመሪያው ፎቶ የትግሉ ነው። ስክሪኑ ሲመረቅ በቅድሚያ የሚታየውም ይኸው ነው።

ስክሪኑን እንድትመርቅ የተመረጠችው ደግሞ ደብሪቱ ናት። ከአዳራሹ አንድም ምሽት የማትቀር እናት ናት ተብላ ተመረጠች፤ ክብሩም ደስ አሰኝቷት ከዚያ ቀን ወዲህ ዳንቴል ትሠራለች። ሻሻ የሚሉት ይህ አዲሱ ስክሪን ቀጭን ነው፣ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀልም እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ጀርባው ላይ ዳንቴል አይነጠፍለትም ብለው ነግረዋት ነበር። እንግዲያው እንደ መጋረጃ ይንጠልጠል አለች። ሐሳቧ ተወደደና በሪባን ፈንታ የእሷ ዳንቴል እንዲገለጥ ተወሰነ።

የተከበሩ ሊቀመንበር፣ እስቲ በዓይነ ኅሊናዎ ይዩት። በሕዝብ ፊት፣ በእንግዶች ፊት፣ በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል ስትገልጠው ከሥሩ የሚጠብቃት የልጇ ፊትና ሻማ ነው።

5. ይህን ለወጣት ክፍሉ ኃላፊ ለጆኒ ብቻውን ጠርቼ ለመንገር ሞክሬ ነበር። ገና ምረቃው ይዘግይ ስለው፣ አዲሱ ስክሪን ሲገባ እንዲነሣ የተወሰነውን የአዳራሹን ዲሽ ላለማስነሣት የመጣሁ መሰለውና አላስጨረሰኝም። "ያ ዓም አየነው፣ ኻላስ፣ በቃ አጎቴ፣ ተወሰነ እኮ! እንግዳ ተጠርቷል። ዲሽ የሚያይ ሰው የለም፣ ዓለም ኔት ላይ ነው" አለኝና ሄደ። ባለፈው ስብሰባም ይህንኑ ብሏል። የለም የተባልነው ሰዎች ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴም ዋናውን ነገር ሳልነግረው እንድመለስ አድርጎኛል። የማኅበሩ ውሳኔ የሚለወጠው በጽሑፍ በሚቀርብ አቤቱታ ብቻ ስለሆነ ብዕር አንሥቻለሁ።

በእርግጥ ዲሹን ከልቤ እወደዋለሁ፣ አልክድም። የሃቡብ አቧራ ማዕበል ተነሥቶ ባዘመመው ቁጥር ጣሪያ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ተከታታይ ድራማው እንደሚያልፈን፣ ያለፈው ክፍልም ተመልሶ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ወጣቶቹ የሚሉትን እረዳለሁ፤ እነሱ ካቆሙበት ቀጥለው ያያሉ። ነገር ግን እናቶችና ከመተማ ለአጨዳ የሚመጡት ሠራተኞች ዛሬም የሚያዩት ዲሹን ነው። ሁሉም አንድ ላይ ይስቃል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይተክዛል።

ከዚህም በላይ ሪሞቱ አንድ ነው፤ የሚይዘውም ሰው ይታወቃል። ለአጨዳ የመጣው ባንታምላክ ወንድሙን በአውቶቡስ አደጋ ያጣ ጊዜ የሆነውን እርስዎ ያስታውሱታል። ዜናው ሲጀምር የአውቶቡሱን መነሻ ሰማሁና፣ ወንድሙ ከዚያ እንደሚሳፈር ስለማውቅ፣ ቶሎ ብዬ ወደ ኳስ ቀየርኩት። አዳራሹ በሙሉ ጮኸብኝ፤ ሽማግሌው ጃጀ ያለኝም ነበር፤ ባንታምላክ ራሱ ከሁሉ በላይ ተቆጥቶኝ ነበር። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ እርስዎና እኔ ሌሎች ሽማግሌዎችን ይዘን ወደ ማደሪያው ሄድን። ኋላ እጄን ስሞ አመስግኖኛል። እስከ ዛሬ ሪሞቱን የያዝኩት እንዲህ አድርጌ ነው። አሁን ግን ወሬው በየሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ በየኪሱ እየገባሁ ቻናል መቀየር አልችልም።

ቪዲዮው ከወጣቶቹ ስልክ መድረሱን አውቄአለሁ። ሚስጥሩን የምታውቅልኝ በአዳራሹ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን ዙሌካ ናት። ማታ ማታ ከደብሪቱ ጎን አትለይም። ስልክ የያዘ ልጅ ወደ ደብሪቱ ጠጋ ሲል "ስኳር አልቆብኛል፣ ሩጥ አምጣልኝ" እያለች ታባርረዋለች። እንደ ሰሞኑ ስኳር የተከማቸበት ሻይ ቤት በገዳሪፍ ያለ አይመስለኝም።

ትናንት አመሻሹ ላይ ግን ስኳሩም አላዳነንም። የጎረቤት ልጅ ሉሉ ስልኳን ዘርግታ "ኻልቲ ደብሪቱ፣ ተዓሊ፣ ነይ፣ ትግሉን ላሳይሽ" አለች። ደብሪቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ የዲሹን ገመድ እያጠበቅሁ ነበር። ዙሌካ ስልኩን ከመካከል ተቀብላ ብርጭቆ ማለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ ጣለችውና "ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ እጄ እርጥብ ነው" አለች። የሉሉ እናት መጥታ ጠብ ሆነ። ከሁሉ የባሰችው ደብሪቱ ሆነች። የልጄን ፎቶ አሳጣሽኝ ብላ ዙሌካን ወረደችባት፤ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ዙሌካም አንገቷን ደፍታ ስድቧን ጠጣች።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ደብሪቱ ስልኩን ወደ ቤታችን ወስዳ ማሰሮ ውስጥ ባለ ሩዝ ቀብራዋለች። ሲደርቅ ይነሣል ብለዋታል። በየጊዜው እየከፈተች ታየዋለች። እኔ እንዳይነሣ እጸልያለሁ። የሰው ንብረት ተበላሽቶ እንዲቀር መጸለይ ኃጢአት መሆኑን ባውቅም እጸልያለሁ።

እሑድ ከቤት ላስቀራት እንዳልል፣ የተመረጠችበትን ቀን ካስቀረኋት ያን ጊዜውኑ ታውቃለች። የተላጨውን ራሴን አንድ ጊዜ አተኩራ ካየችው አለቀ። ቪዲዮውን ብቻ እናንሣው እንዳይባልም፣ ስክሪኑ እንደተከፈተ የምትጠይቀውን አስቀድማ ተናግራለች። ኢንተርኔት ላይ የፈለጉትን ሰው ማየት ይቻላል ሲሏት "እንግዲያው ትግሉን ታሳዩኛላችኋ!" ብላለች። ልጆቹ ይህን የሰሙት ሐዘንተኛ እናት ፎቶ እንደጠየቀች አድርገው ነው። ፎቶውን መጀመሪያ ላይ ያስገቡትም እሷን ለማስደሰት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤

ሀ/ ምረቃው እንዲዘገይልኝ። ምክንያቱ ለሕዝብ ሲነገር መብራት አስቸገረ ይባል፤ በእኛ ከተማ ይህን የማያምን ሰው የለም።

ለ/ ጆኒን እርስዎ ራስዎ ጠርተው እውነቱን እንዲነግሩልኝና ቪዲዮው ከየስልኩ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲሰወር እንዲያደርግ። ልቡ ደግ መሆኑን አውቃለሁ። ከትግሉ ጋር አብሮ ያደገ ልጅ ነው፤ እርስዎን የምለምነው እኔ ብነግረው ሁለታችንም በለቅሶ ስለምንወድቅ ነው።

ሐ/ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዲመጡልኝ። በሌላ ሰው በር ላይ ብዙ ጊዜ አብረን ቆመናል። አሁን ወደ እኔ በር ይምጡ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ እከፍትልዎታለሁ።

ይህን ስጽፍ ደብሪቱ ከደጃፉ ተቀምጣ የዳንቴሉን ጠርዝ እየጨረሰች ነው። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ለማኅበሩ ስለ ስክሪኑ ነው አልኳት። "ቶሎ ይክፈቱት በልልኝ፣ ልጄን ልይበት" አለችኝ። እሺ፣ ጽፌዋለሁ ብያታለሁ። እንዳልዋሻት ይኸው ጽፌዋለሁ።

በመጨረሻም ስለ ዲሹ የያዝኩትን ክርክር ትቻለሁ። ይህን ጉዳይ ሳስበው የሰነበትኩበት ነው። በዲሹ የሚመጣ ነገር አንዴ ታይቶ ያልፋል፤ መልስልኝ ቢሉት አይመልስም። በአዲሱ ግን ትግሉ ጥምቀት ላይ ሲጨፍር የተቀረጸውን፣ ለእናቱ ሰላምታ የላከበትን፣ ያንን የሚስቅበትን ቦታ ማቆም ይቻላል ይላሉ። መርዶዋን ሰምታ አርባው ካለፈ በኋላ እኔው ራሴ እጇን ይዤ ወደ አዳራሹ አመጣታለሁ። ዳንቴሉን ያን ጊዜ ትግለጠው፤ የምታየውን ዐውቃ ትግለጠው። ሪሞቱንም እስከ ዛሬ እኔ ይዤዋለሁ፤ ያን ቀን ለእሷ ስጡልኝ። የፈለገችው ቦታ ላይ ታቁመው፤ ይበቃሻል የሚላት ሰው እንዳይኖር።

የእርስዎን ፈጣን ምላሽ በጭንቀት ከሚጠብቅ አባት፣
ከሰላምታ ጋር

አየነው ካሣ
(ፊርማ)