«አይቻልም» ስላሉን ከልብ እናመሰግናለን

ለተከበሩ የማገገሚያ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ስለ ጉልበትዎ አብዝቼ አስባለሁ፤ በቴአትራችን ዕለት ከፊተኛው ረድፍ ብድግ ያሉበትን ፍጥነት የማዕከሉ የአካል ሕክምና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ በአድናቆት ያወሩታል። ፈጣሪ ይህን ቅልጥፍና አያሳጣዎ፤ ፈቃዱ ከሆነም ወደ ቢሮ ሥራዎ ያዳርስልዎ።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ ጣቢያ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቅ የኖረ ሰው ነው፤ ሰፈሩ «ጥሩምባው» ይለዋል። ቤትም ሲገባ ማጉያውን አጥፍቶ አያውቅም ነበር። እኔን «ፌርማታዬ» እያለ የሚጠራኝ ሦስተኛው ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ነበር። ስትሮክ ከመታው በኋላ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችለት፤ «እሺ» የምትባል። በትዳር ዘመናችን አንድ ቀን እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ ሻይ ልስጥህ ስለው እሺ፣ አመመህ ወይ ስለው እሺ፣ እኔ ማን ነኝ ስለው እሺ። ጎረቤቶቼ «አንቺስ ታድለሻል!» እያሉ ቀለዱብኝ፤ አብሬያቸው ስቄ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

እርስዎ «ልጅቷ» እያሉ የሚጠሯት የማዕከሉ የንግግር ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለች። ራሱን ሆኖ መናገር ያቃተው ታካሚ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት አንዳንዴ ቃል ያመልጠዋል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ በመመገቢያ አዳራሹ እየሰበሰበች ቴአትር ታለማምዳቸው ጀመር። ለባለቤቴ መቼም ቢሆን እሺ የማይል ገጸ ባሕርይ አስፈለገ። ታካሚዎቹ ገጸ ባሕርዩን ፍለጋ ብዙ አልደከሙም፤ የምድር ቤቱ መጸዳጃ ተቆልፎባቸው፣ ክራንቻቸውን ተደግፈው ፎቅ ሲወጡ የሚከርሙ ሰዎች ናቸውና። ባለቤቴም ኮት ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ቁልፍ የያዘ አለቃ ሆነ። አንድ ቀን እኔ ጥግ ተቀምጬ የኮቱን እጅጌ ስሰፋ፣ «አይ... አይቻ...» ሲል ቆየና «አይቻልም!» አለ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ እኔ ግን እልልታዬን አቀለጥኩት። ሕፃን በእማማና በአባባ አፉን ይፈታል፤ የኔ ሽማግሌ አፉን የፈታው በእርስዎ ቃል ነው። ከዚያማ ቃል ቃልን እየጎተተ «ነገ ና»፣ «ማመልከቻ አምጣ» ማለት ቻለ፤ አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ ደግሞ፣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ «ፌርማታዬ» አለኝ።

ወደ አቤቱታዬና ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ሁለቱን መለየት ካቃተዎ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አንደኛ፣ ቴአትሩ በታየበት ዕለት ባለቤቴ «አይቻልም!» ሲል፣ ማንም ሳይጠራዎ ከወንበርዎ ተነሥተው «እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም!» በማለትዎ ምስጋናችን የላቀ ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ገጸ ባሕርዩ ማን እንደሆነ ያልገባው ተመልካች ነበረ። በዚህ ሳይበቃዎ «ቁልፉም እኔ ጋ የለም!» ብለው ላብዎን ሊጠርጉ መሐረብዎን ሲስቡ፣ የመጸዳጃው ቁልፍ «ምድር ቤት» ከሚል ምልክቱ ጋር መድረኩ ሥር ዱብ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አበው (ስለ ራስ የሚለውን የጨመርኩት ተረቱ እንዳይጎድል ብቻ ነው)። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት እርስዎንም ከታካሚዎቹ ቆጥረው «ይሄኛው እንኳን ደህና አድርጎ ተሽሎታል፣ እግዜር ይማረው!» አሉኝ። መጸዳጃ ቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍት ነው። ስንት ጊዜ ለምነን ያላገኘነውን በአንድ ትዕይንት ስለሰጡን እጅ እንነሣለን።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ በአዳራሹ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ «ማዕከሉ የሕክምና እንጂ የመዝናኛ ተቋም ስላልሆነ ቴአትር ተከልክሏል፤ መዝናናት የፈለገ ቴሌቪዥን ይመልከት» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው ጡረተኛ መምህር ክራንቻቸውን ጥለው መቆም የለመዱት የለማኙን ሚና ሲጫወቱ ነው። እየሳቅን በመዳናችን የሚጣልብን ቅጣት ካለ በጽሑፍ ይገለጽልን። አዳራሹ ለስብሰባ ብቻ እንዲሆን መወሰኑንም ሰምተናል፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ርእስ «የታካሚዎችን ድምፅ ስለ ማዳመጥ» እንደነበረና አንድም ታካሚ እንዳልተጠራ ስንሰማ፣ ቀልድ የሚችሉት ታካሚዎቹ ብቻ እንዳልሆኑ ተረድተናል።

ሦስተኛ፣ «ኮቱ የእኔን ኮት ይመስላል» የሚል ክስ አቅርበውብኛል። በሙያዬ የመጣ ስለሆነ ይህን በዝምታ አላልፈውም። የእርስዎን ኮት እኔ ሰፍቼው ቢሆን ኖሮ፣ ትከሻው ለሁለት ሥራ አስኪያጅ አይበቃም ነበር።

አራተኛው ላይ ቀልድ የለኝም። አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ የባለቤቴ ቃላት አንድ በአንድ እየከዱት ነው። ሐኪሟ በጠባቧ ክፍሏ ካርድ ላይ የተሣለ ድመትና ብርጭቆ እያሳየች ትሞክራለች፤ እሱ ግን ድመት ሆኖ እንጂ ድመት አይቶ አይናገርም። «ማመልከቻ» ጠፋች፤ «ነገ ና» ጠፋች። ትናንት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ ጠየቅኩት። «እሺ» አለኝ።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ያለችው ያቺ ሰዓት ብቻ እንድትመለስልን በትሕትና እለምናለሁ። ይህ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ግን አይጨነቁ፤ በቢሮዎ በር ፊት ለፊት ያለው ኮሪደር ሰፊ ነው፣ ድምፅም አሳምሮ ያስተጋባል። ታካሚዎቹ ሁሉ ስለተስማሙ ከሰኞ ጀምሮ ልምምዱ እዚያ ይሆናል። በርዎን ከፍተው ብቅ የሚሉበትን ቦታ ድርሰቱ ውስጥ አስገብተነዋል፤ ቃሉን እንኳ ማጥናት አያስፈልግዎትም።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ኪስዎም ዳግመኛ ቁልፍ እንዳያፈስ ዘወትር የምጸልይ፣ የክብርዎ አድናቂ፣

የጥሩምባው ሚስት፣ የተከሰሰው ኮት ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ሲስቅ ሻዩን ደፋው። ልጆቻችን ግን «እማዬ፣ ሰውየውን ከምታስቀይሚው መጨረሻው ላይ ይቅርታ ብለሽ ዝጊው» አሉኝ። እኔም የትዳር ነገር ነውና፣ ይቅርታ እንጠይቃቸው እንዴ ብዬ አማከርኩት፤ እሺ እንደሚል አውቄ እስክሪብቶዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የተሰቀለውን ኮት እንዳወርድለት በግራ እጁ ጠቆመኝ። አለበስኩት። ክራቫቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያም አውቶቡስ በሚያስነሣበት በዚያ በድሮው ድምፁ፣ ሦስተኛው ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ «አይቻልም!» አለ።