ጫማው ምልክት አይደለም

ሞጣ፣ መስከረም 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ኃይሌ፣

ነገሩ የተበላሸው የግጥም ውድድሩ ዳኛ «በግጥሙ ውስጥ ያለው ጫማ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ «ጓድ፣ ጫማው ምልክት ነው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚራመድበትን ጎዳና ያመለክታል» ብለህ የመለስክ ጊዜ ነው። ዳኛው ቀልደኛ ነበር። «ታዲያ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለህ። የቢቸና አዳራሽ በሳቅ ተሞላ። አንተም ሳቅክ።

እኔ ከእማዬ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከሞጣ ያመጣኋት «ይዘሻት ነይ፣ ደስ ይላታል» ብለህ ስለጻፍክልኝ ነው። አልጮህኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የሣህሌን ጫማ ነው እንዴ የሚለው?» ስትለኝ «አይደለም» አልኳት።

ግጥሙን የላኩልህ በወንድሜ በሣህሌ ተዝካር ላይ እንድታነበው ነበር። ድምፅህ ከእኔ ይሻላል ብዬ። እንዲህ ይል ነበር፦

ጫማህ ደረቀልህ፣ ዝናቡም አባራ፤
ና ውሰደው ሣህሌ፣ እናትህ ስትጣራ።

አንተ «ሣህሌ»ን «ጓዴ»፣ «እናትህ»ን «ሀገር» አደረግከው። ሁለተኛው ስንኝ አንድ ቀለም እንደጎደለው እንኳ አላወቅክም። መምህራን ማሰልጠኛ ሳለን ቀለም በጣትህ የምትቆጥር ሰው ነበርክ።

ስንወጣ፣ የተሸለምከውን ፔርሙስ ታቅፈህ እስከ አውቶቡሱ ተከተልከኝ።

«ይርጌ፣ አትቆጪ። እኔ እኮ ከፍ አደረግኩት። የአንድ ቤት ሐዘን የሁሉም ሆነ።»

«ሣህሌ የት ሄደ?»

«እዚያው አለ፣ ተለዋጭ ዘይቤ ሆኖ። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስጠናሽኝ?»

ከዚያ ፔርሙሱን ለእማዬ ሰጠሃት። ምን እንደሆነ ሳታውቅ መረቀችህ።

አዎ፣ ያስጠናሁህ እኔ ነኝ። «እንደ» ካለበት ተነጻጻሪ፣ ከሌለበት ተለዋጭ፤ ግዑዙ እንደ ሰው ከተናገረ ሰውኛ። አንድ ነገር ግን አላስጠናሁህም፤ ያስፈልግሃል ብዬ አላሰብኩም። ጫማ ምልክት ከመሆኑ በፊት የሰው ጫማ ነው። ሣህሌ ወንዝ ሲሻገር አራሰውና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በማግስቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ጫማው ገና እርጥብ ስለነበር በበረባሶ ሄደ። ከቀበሌ መርዶው ሲመጣ ጫማው ደርቆ ነበር። ግጥሙ ይኼው ነው። ሌላ ነገር የለበትም።

ሰኞ ለስምንተኛ ክፍሎች እንቶኔ ዘይቤን አስተማርኩ። «በቦታው የሌለን ወይም የሞተን ሰው እንዳለ አድርጎ መጥራት» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አገሬ የምትባል ተማሪ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ላይመጣ ለምን ይጠሩታል?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። «ሌላ ሰው ቦታውን እንዳይወስድበት» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ፈተና ላይ ይመጣል መስሏት ይሆናል።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ግጥሙ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ደብረ ማርቆስ ሊሄድ ነው፤ «ሁለት አንጓ ጨምሪልኝ፣ ከዚያ የሠርጋችንን ቀን እንቆርጣለን» ትላለህ። አልጨምርም። ያለውም እንዳይሄድ እፈልጋለሁ፤ ለዳኞቹም የግጥሙ ባለቤት እኔ እንደሆንኩ ጽፌላቸዋለሁ። ምን እንደሚያመጣብኝ አውቃለሁ። ፔርሙሱን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ልኬልሃለሁ። ቀለበትህ ክዳኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

እማዬ ዛሬም ጠዋት ጫማውን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ስለ አንተ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው» እላታለሁ። ሳልህ ተሻለህ? ቢቸና ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ አንገትህን ሸፍን። እግዚአብሔር ድምፅህን ይጠብቅልህ። ጥሩ ድምፅ ነው።

ቁጥሩ አርባ አንድ ነው፤ ለዳኛው ንገርልኝ። ወንድሜን ስሙን አውልቆ የሚያነብ ሰው፣ አንተም ብትሆን፣ ከእንግዲህ ወዲያ አልቀበልም።

ይርጋነሽ