በፍራሽ ስፖንጅ የተሞላ ላይፍ ጃኬት

ይድረስ ለልጄ ለጀንነት፣ ኢስታንቡል

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ በርትቷል፤ ስፌቱም ይሠራል። ቤቱ ግን ሰፍቶብኛል፤ አንዳንዴ ክር አቀብዪኝ ብዬ አንቺን ስጠራ ራሴን እሰማለሁ።

አባትሽ አሁንም በቢራራ ጀልባ ዕቃ ይዞ በወንዙ ቦር ከተማ ይመላለሳል። ባለፈው ቢራራ አሮጌ ላይፍ ጃኬቶቹን ተሸክሞ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቄ ድረስ መጣ። ተሳፋሪ እየተቀመጠባቸው ውስጣቸው አልቋል። «የፍራሽ ስፖንጅ ሙይና ስፊልኝ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለውም፣ ከላይ አዲስ ይመስላሉ» አለኝ። አንዱን ሰፍቼ ጡብ አሰርኩበትና በርሜል ውስጥ ብጨምረው ውሃውን ጠጥቶ ሰመጠ። ማንም እንዳይለብሳቸው የሁሉንም ማሰሪያ ቆርጬ መለስኩለት።

«ዓቢዳ፣ ስፌት እንጂ ዋና መቼ ተማርሽ?» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ማናህሎሽም ቀረች፤ ከእሷ ሌላ ደግሞ ቤቴ የሚመጣ ሰው አልነበረኝም።

ለአባትሽ ከካስተም ገበያ አዲስ ጃኬት ገዛሁለት። «ይሞቃል» እያለ እሱም ይቀመጥበታል። እኔ ስናገር ጭቅጭቅ ይመስለዋል፤ አንቺን ግን እሺ ይላል። በስልክ እንዳልነግርሽ አጠገቤ ስለሚቆም ነው የጻፍኩልሽ። ወንዙ ሳይሞላ ደውለሽ እንዲለብሰው ንገሪው።

አላህ እውቀትሽን ያብዛልሽ፣ በሰላም ያገናኘን። ከእሱ ጋር ስትጨርሺ ስልኩን እንዳይዘጋው፤ ለእኔም ያቀብለኝ።

እናትሽ ዓቢዳ፣ ከጁባ
ሚያዝያ 2004 ዓ.ም.